አባ ቄራ፤ በመንዝ ጓሳ ላይ የሣር ሹም ስለ ነበረው ገበሬ

መግቢያ

በአገራችን ስለ ሹመት የተጻፈው ታሪክ በአብዛኛው የራስ፣ የደጃዝማችና የፊታውራሪ ታሪክ ነው። ከእርሻው ሳይለይ በጎረቤቶቹ ተመርጦ፣ ሕግ እያስከበረ፣ መልሶም በሬውን የሚጠምድ ገበሬ ግን ታሪኩን የሚጽፍለት ብዙ አላገኘም። ይሁን እንጂ የባላገሩ ኑሮ ከቤተ መንግሥቱ አዋጅ ይልቅ በእንደዚህ ያለው ሰው እጅ ሲጠበቅ ወይም ሲበላሽ ኖሯል። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ ላይ «አባ ቄራ» ወይም «አፈሮ» እየተባለ ይሾም ስለ ነበረው ገበሬ ለመግለጽ አስበናል።

አባ ቄራ የሚሾመው በሰው ላይ ብቻ ሳይሆን በሣር ላይ ነው። ይህ ለከተማ ሰው እንደ ቀልድ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ሣሩ የቤቱ ክዳን፣ የከብቱ ቀለብ፣ የክፉ ቀን መጠጊያ በሆነበት አገር የሣር ሹም መሆን ትልቅ ሥልጣን ነው። በጽሑፋችንም ሦስት ጥያቄዎችን እንመለከታለን። ይኸውም፦ ገበሬው በምን መንገድ ሹም ይሆን ነበር? ሹመቱ እንዴት ይሠራ ነበር? ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. ሲፈርስስ ምን ተገኘ፣ ምንስ ጠፋ? የሚሉት ናቸው።

የአገሩ አቀማመጥና የጓሳው ጥቅም

መንዝ በጥንት አከፋፈሉ ማማ፣ ላሎና ጌራ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። የአገሩ ሰው እንደሚተርከው እነዚህ ስሞች አገሩን ያቀኑት አባቶች ስሞች ናቸው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከሰሜን ጎረቤቱ ከግሼ ጋር ሆኖ የመንዝና ግሼ አውራጃ ይባል ነበር። በምዕራብ በኩል ደግሞ ወደ ጀማ ወንዝ በሚወርዱት ጥልቅ ሸለቆዎች ማዶ መርሐ ቤቴ ይገኛል። የሸዋ ነገሥታት ዘር የሚቆጠርበት ነጋሢ ክርስቶስም በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ኀይሉን ያጸናው ከዚሁ ከመንዝ ተነሥቶ ነው።

መንዝ ብርዳም አገር ነው። ገብሱ ዋናው እህል ሲሆን በበልግም በመኸርም ይዘራል፤ ሆኖም በልጉ ሲቀር ወይም ውርጭ ሲመታው ገበሬው ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት በእህሉ ብቻ ሳይሆን በበጉም ይተማመናል። የመንዝ በግ ጸጉሩ ተፈትሎ ባና ይሠራበታል፤ በጉም ተሽጦ ግብር ይከፈልበታል፤ በክፉ ዓመት ደግሞ እህል ይገዛበታል።

ከዚህ ደጋ በላይ፣ ወደ ምሥራቅ ወደ ቆላው የሚወርደው ገደል ሳይደርስ፣ ጓሳ የሚባለው ሰፊ የሣር አገር አለ። ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ነው። ከዚያ የሚነሡት ምንጮች እኩሌቶቹ ወደ ዐባይ፣ እኩሌቶቹ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ከጓሳ ነው። አስታና ጅብራም ይበቅሉበታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚኖሩበት በመሆኑ ዛሬ በዓለም የታወቀ ሆኗል፤ ለመንዝ ገበሬ ግን ጓሳ ከሁሉ በፊት ሣር ነው።

የጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፤ ከሌላው ሣር ይልቅም ብዙ ዘመን ስለሚቆይ ይመረጣል። ገመድ ይገመድበታል፤ ጅራፍ ይሠራበታል፤ እረኛው በክረምት ከዝናብ የሚጠለልበት ገሳም ከእርሱ ይታታል። ቁጥቋጦው ለማገዶ ይሆናል። ድርቅ በሆነ ጊዜም ታችኛው ግጦሽ ሲያልቅ ከብቱን ከሞት የሚያተርፈው ይኸው ከፍተኛ ሜዳ ነው። እንግዲህ ጓሳ የአንድ አገር ሕዝብ በጋራ ያስቀመጠው መጠባበቂያ ነው ለማለት ይቻላል።

ገበሬ ሹም የሚሆንባቸው መንገዶች

ለአንድ የመንዝ ገበሬ በቀድሞ ዘመን የነበሩት የሹመት በሮች ጥቂቶች ናቸው። አንደኛው በር ጦር ሜዳ ነበር። ሁለተኛው ቤተ ክህነት ነው። ሦስተኛው ጭቃ ሹምነት ነው። ጭቃ ሹም ከታላላቁ ሹማምንት ሁሉ በታች ያለ፣ ራሱም ገበሬ የሆነ የአጥቢያ ሹም ነው። ግብር ይሰበስባል፤ አዋጅ ሲመጣ ለሕዝቡ ያሰማል፤ ወንጀለኛ ሲሸሽ ያስይዛል፤ ለመንገድና ለሌላ ሥራ ሰው ያስወጣል። ስሙ ራሱ እንደሚያመለክተው እግሩ ከጭቃው አልወጣም። ይሁን እንጂ ፊቱ ወደ ላይ ነው፤ የሚጠየቀው ለአለቃው እንጂ ለጎረቤቱ አይደለም።

በመንግሥት ደረጃ የእርሻ ሥራ ራሱን የቻለ ሹም ያገኘው ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው የእርሻ ሚኒስትር ከንቲባ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ግን ሚኒስቴሩ ገና ጅምር ስለ ነበረ በመንዝ ማሳ ላይ ያለው ገበሬ ኑሮው የሚወሰነው በርስቱና በአጥቢያ ሹሙ ነበር።

ከዚያ በኋላ የምክር ቤት በር ተከፈተ። በ1923 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች የሚመረጡት ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንቱና በአገሩ ሹማምንት ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ለሕዝቡ የመምረጥ መብት ሰጠ። ሁለት መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ያለበት የምርጫ ወረዳ ሁለት እንደራሴዎች እንዲልክ ተወሰነ፤ የመጀመሪያውም ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተደረገ። ይሁን እንጂ ለመመረጥ የፈለገ ሰው በዚያው ወረዳ አንድ ሺህ ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም ሁለት ሺህ ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት እንዲኖረው ሕጉ ያስገድድ ነበር። የፖለቲካ ፓርቲም አልነበረም። ስለዚህ ጥቂት በጎችና የተበጣጠሰ ርስት ላለው ገበሬ የምክር ቤቱ በር በሕግ ቢከፈትም በኑሮው ጠባብ ሆኖበት ቀርቷል።

እንግዲህ ከነዚህ ሁሉ በሮች አጠገብ፣ ቤተ መንግሥቱ ሳይከፍተው ገበሬዎቹ ራሳቸው የከፈቱት አንድ በር ነበር። እርሱም የአባ ቄራ ሹመት ነው።

የቄሮ ሥርዓትና የአባ ቄራ ሥራ

የጓሳ አጠባበቅ ሥርዓት ቄሮ ይባላል። በአገሩ እንደሚነገረው ሥርዓቱ በ17ኛው መቶ ዓመት የተጀመረ ነው። የጓሳ ባለመብቶች ሁለት አቅኚ አባቶችን ይቈጥራሉ፤ እነርሱም አስቦና ጌራ ናቸው። ጓሳውም በእነርሱ ስም ለሁለት ተከፍሎ፣ ከእያንዳንዳቸው የሚወለዱት በየድርሻቸው ይጠቀሙበት ነበር። እያንዳንዱ ወገን በየአጥቢያውና በየታቦቱ ተከፋፍሎ ይደራጃል፤ በላዩም አንድ አባ ቄራ ይሾማል። ስለዚህ ሁለት አባ ቄራዎች ነበሩ ማለት ነው፤ አንዱ ለአስቦ፣ ሁለተኛው ለጌራ።

አባ ቄራ የሚመረጠው ባለመብቶቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ነው። የምርጫው ዓይነት በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በስምምነት ነው። የዚህም ምክንያት ለማስተዋል አያስቸግርም። አባ ቄራ ወታደር የለውም፤ ከመንግሥትም ደመወዝ አይቈረጥለትም። ትእዛዙን የሚያስፈጽመው በጎረቤቶቹ ጉልበት ነው። እኩሌታው ያልተቀበለው ሰው ቢሾም በማግስቱ ጓሳውን የሚጠብቅለት አያገኝም ነበር። ስለዚህ ስምምነቱ ለጨዋነት ያህል የሚደረግ ሳይሆን የሹመቱ መሠረት ነው።

ሥራውን በአራት ክፍል ለይተን ለማሳየት እንሞክራለን።

አንደኛ፤ ጓሳውን መዝጋት። አባ ቄራ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆኖ ጓሳው ለተከታታይ ሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ተዘግቶ እንዲቆይ ያደርጋል። በዚህ ጊዜ ማጨድም፣ ማስጋጥም፣ እንጨት መልቀምም ክልክል ነው። የዓመቱ ቍጥር አስቀድሞ የተቈረጠ አይደለም፤ የሚወሰነው የሣሩ አበቃቀልና የሕዝቡ ችግር ተመዛዝኖ ነው። እዚህ ላይ የአባ ቄራ ዕውቀት ይፈተናል። ሣሩ ሳይደርስ ቢከፍት ለክዳን የማይሆን አጭር ሣር ይታጨዳል፤ አለልክ ቢያዘገይ ደግሞ የድሃው ቤት ያፈሳል።

ሁለተኛ፤ ማስጠበቅ። አቅም ያለው አባወራ ሁሉ በተራው ጓሳውን እየዞረ ይጠብቃል። ተራውን ያስተጓጐለ ከባድ ቅጣት ያገኘዋል። ስለዚህ ጠባቂውና ተጠባቂው አንድ ሰው ነው፤ ዛሬ ሌባ የሚይዘው ነገ ራሱ ቢሰርቅ በማን እንደሚያዝ ያውቃል።

ሦስተኛ፤ መክፈት። ጓሳው የሚከፈተው በበጋ ነው። የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በገበያና በለቅሶ ቦታ ይነገራል፤ ማንም ቀድሞ እንዳይገባ፣ ማንም ሳይሰማ እንዳይቀር ነው። በመጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከዚያ በኋላ ከብቱ ይገባል። ተራው ቢገለበጥ ከብቱ ክዳኑን ረግጦ ባበላሸው ነበር። የክረምቱ ዝናብ ሲበረታ ሐምሌ 5 ቀን፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ በዓል፣ ሰውም ከብትም ለቆ ይወጣል። በዓሉን ሁሉም ስለሚያውቀው «ቀኑን አልሰማሁም» የሚል አይገኝም። ሣሩም እንደ ገና የሚያቈጠቍጥበት ጊዜ ያን ጊዜ ስለ ሆነ የሃይማኖቱ ቀንና የእርሻው ብልሃት ተገናኝተዋል።

አራተኛ፤ መቅጣትና ማስታረቅ። የተዘጋውን ጓሳ የደፈረ ሰው በባለመብቶቹ ፊት ይቀርባል። የአባ ቄራ ፍርድ ከጭቃ ሹሙ ፍርድ የሚለየው ተከሳሹ፣ ከሳሹና ዳኛው ሁሉ ከዚያው ሣር የሚጠቀሙ በመሆናቸው ነው። ቅጣቱን ያቀለለ ዳኛ የራሱን ድርሻ ያቀላል።

ከሌላው ዓለም ጋር ስናስተያየው

ጋሬት ሃርዲን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1968 ባወጣው ጽሑፉ፣ የጋራ ግጦሽ ያለባቸው እረኞች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ከብት እየጨመሩ በመጨረሻ መሬቱን ያጠፉታል የሚል ክርክር አቅርቦ ነበር። ከዚያ በኋላ ኤሊኖር ኦስትሮም የተባለችው ሊቅ በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሰዎች ራሳቸው ሕግ አውጥተው የጋራ ሀብታቸውን ለብዙ መቶ ዓመታት የጠበቁባቸውን አገሮች አሳየች፤ በ2009ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ከምሳሌዎቿ አንዱ ቶርበል የሚባል የስዊስ ተራራማ መንደር ነው። በዚያ መንደር በ1517 የተጻፈው ደንብ ማንም ሰው በክረምት በራሱ ድርቆሽ ሊቀልበው ከሚችለው በላይ ላም ወደ ተራራው ግጦሽ እንዳይሰድ ይከለክላል። የመንዝ ገበሬ ይህን ደንብ ቢሰማ የሚደነቅ አይመስለንም። እርሱም ያለ ጽሑፍ ከዚያው ሐሳብ ደርሶ ነበርና።

እንደዚሁም በአሜሪካ አንዳንድ ክፍላተ ግዛት የእርሻ ጉዳይ ኀላፊው በሕዝብ ድምፅ ይመረጣል፤ ገበሬም ከማሳው ተነሥቶ በግዛቱ ምክር ቤት ካገለገለ በኋላ ለዚህ ሥራ መወዳደር ይችላል። በዚያ ግን ሰውየው ከተመረጠ በኋላ መሥሪያ ቤትና ደመወዝ ያገኛል፤ ከእርሻውም ይርቃል። አባ ቄራ ግን ከእርሻው አይርቅም፤ የእርሱም ጣሪያ በዚያው ሣር ነው የሚከደነው።

የሥርዓቱ ጉድለት

እስከዚህ ድረስ ያልነው ቄሮን ከነቀፌታ ነጻ ያደረግነው አስመስሎን እንደ ሆነ አንባቢው ይታገሠን። ጥናት የሚሠራ ሰው የሚወደውን ነገር ነውር መሸፈን የለበትም።

ጓሳው የጋራ ነው ስንል የሁሉ ነው ማለታችን አይደለም። መብቱ ከአስቦና ከጌራ ለሚወለዱ ብቻ ነበር። በመንዝ ርስት በአባትም በእናትም ስለሚቈጠር ዘሩን አስልቶ የሚገባ ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ዘሩን ቈጥሮ እዚያ ለመድረስ ያልቻለ ሰው ሰባት ትውልድ በአጠገቡ ቢኖር እንኳ ሣሩን በዓይኑ አይቶ ከማለፍ በስተቀር መብት የለውም። ሴትም በዘርዋ የርስት ባለመብት ብትሆን ጥበቃውም ሹመቱም የአባወራዎች ስለ ነበረ በሸንጎው ላይ ድምፅዋ የሚሰማው በወንድ በኩል ነው። እንግዲህ ቄሮ በውስጡ ላሉት እኩልነት፣ በውጭ ላሉት ግን አጥር ነበር። ይህም አጥር በኋላ ሥርዓቱ በፈረሰ ጊዜ የሚከላከልለት ብዙ ወዳጅ እንዳይኖረው ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ መሆኑን እናምናለን።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በሙሉ የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ። በዘር የሚቈጠረው የርስት መብት ቀረ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተደነገገ፤ ቢያንስ 800 ሄክታር ስፋት ባለው ቦታ ላይም የገበሬዎች ማኅበር እንዲቋቋም ተባለ። በአዋጁ ፊት አስቦና ጌራ ከማንም ሰው አባት አይበልጡም። የአባ ቄራም ሹመት መሠረቱ ዘር ስለ ነበረ ከዘር መብቱ ጋር ወደቀ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። በአንድ በኩል፣ ከጓሳው ተከልክሎ የኖረው ሰው መብት አገኘ፤ ይህ ፍትሕ ነው። በሌላ በኩል፣ ጓሳውን የሚዘጋው፣ የሚያስጠብቀውና የሚከፍተው ሰው ጠፋ። አጥሩን ለማፍረስ ሲባል በረኛውም አብሮ ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ጎረቤቱ ሳይቀድመው ለመቅደም ቢሮጥ ሊፈረድበት አይችልም፤ ነገ እንደሚጠበቅለት ዋስትና የሚሰጠው አልነበረምና።

በቦታው የመጣው አዲሱ ገበሬ ሹም የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው። እርሱም በጎረቤቶቹ ተመርጦ የተነሣ ገበሬ ነው፤ መሬት ያከፋፍላል፤ በፍርድ ሸንጎም ነገር ይታያል። በመጀመሪያ ለብዙ ድሃ ገበሬ የኩራት ዘመን ነበር። ነገር ግን ዓመታቱ እያለፉ ሲሄዱ ለመንግሥት የሚገባውን የእህል ኮታ ማሟላት፣ ከ1975 ዓ.ም. ወዲህም ለብሔራዊ ውትድርና ጎልማሶችን መመልመል የእርሱ ዕዳ ሆነ። እንግዲህ ፊቱ እንደ ጭቃ ሹሙ ወደ ላይ ዞረ። አንድ ገበሬ ጎረቤቱ የመረጠው መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ከተመረጠ በኋላ ለማን እንደሚጠየቅ ማወቅ ያስፈልጋል የምንለው ስለዚህ ነው።

የመንዝ ሰው ግን ነገሩን በዚህ አልተወውም። በጓሳው የሚጠቀሙት የገበሬ ማኅበራት ከየቀበሌያቸው ተወካዮች መርጠው ጓሳውን የሚጠብቅ ኮሚቴ አቋቋሙ። በዚህ ኮሚቴ መብቱ በዘር ሳይሆን በነዋሪነት ሆነ፤ መዝጋቱ፣ መጠበቁና በስምምነት መክፈቱ ግን ከቄሮ የተወረሰ ነው። በኋላም የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን በማኅበረ ሰቡ የሚጠበቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ ዕውቅና ሰጠው። ዛሬ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ወደ ጓሳ የሚወጣ ሰው ሣሩን ቆሞ ያገኘዋል፤ ከ500 የማይበልጡት የአገራችን ቀይ ቀበሮዎች ከሚኖሩባቸው ጥቂት ቦታዎችም አንዱ ይኸው ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የገለጽነውን በአጭሩ ስንሰበስበው የአባ ቄራ ሹመት ሦስት ትምህርት ይሰጠናል።

የመጀመሪያው፣ ገበሬ የአገሩን ሀብት ለማስተዳደር ከውጭ የሚመጣ ሞግዚት የግድ አያስፈልገውም የሚለው ነው። ወደ 300 ዓመት የሚጠጋ ሥራ ማስረጃ ነው። ሁለተኛው፣ ሹመት የሚጸናው ሹሙ ከሚሾምበት ሰው ጋር አንድ ጣሪያ፣ አንድ ችግር ሲኖረው መሆኑ ነው። ሦስተኛው፣ ሥርዓት መልካም ቢሆንም ጎረቤቱን በውጭ ካስቀረ አንድ ቀን በዚያው በተከለከለው ሰው ምክንያት ይፈርሳል፤ ሲፈርስም መልካሙን ከክፉው ለይቶ የሚያድነው አይገኝም።

ይህ ነገር ለእኛ ለተማሪዎች ከታሪክ ያለፈ ጉዳይ አለው። ከመካከላችን ብዙዎች ትምህርታቸውን ሲፈጽሙ በእርሻ መሥሪያ ቤት ተሹመው ወደ ባላገር ይወርዳሉ። እዚያ ሲደርሱ ወረቀት ያልያዘ፣ ማዕርግ የሌለው፣ እጁ በዕርፍ የሻከረ ሰው ያገኙ ይሆናል። ያን ሰው «እንዲህ አድርግ» ከማለታቸው በፊት ሣሩ የሚዘጋው መቼ እንደ ሆነ፣ ማንስ እንደሚጠብቀው ቢጠይቁት መልካም ነው። ምናልባት ያ ሰው እነርሱ ገና የሚጀምሩትን ሥራ አባቶቹ ሲሠሩት የኖሩ ይሆናል።